ጓያ መርዙን ከየት አመጣው?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን ከማሳ በሚነሣ አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዋልካው መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ሌላው ሰብል እምቢ ባለበት መሬት ላይ ጓያ ይበቅላል። ዝናብ ሲጠፋ ባቄላው ይጠወልጋል፣ ምስሩ ይከስማል፤ ጓያው ግን ፍሬ ይሰጣል። ይኸው በክፉ ቀን ነፍስ ያተረፈ እህል፣ ሰው ለወራት ሌላ አጥቶ እርሱን ብቻ ሲመገብ እግር ይሰብራል። አንድ ተክል እንዴት አዳኝም ጎጂም ሊሆን ቻለ? መርዙንስ ከየት አመጣው? መልሱ ዩኒየኑ ዘር በሚገዛበት፣ በሚያባዛበትና በሚያከፋፍልበት ሥራ ላይ ቀጥተኛ ትርጉም ስላለው ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ከመካነ ሰላም ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ጓያውንና ጤፉን አልፎ ቆላው ውስጥ ማሽላ ላይ ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አለባቸው፤ መሸሽ አይችሉም። ፍየል ስትመጣ ተክል አይሮጥም፣ ትል ሲወጣበት እንደ በሬ በጅራቱ አያባርርም። በበቀለበት ቆሞ ራሱን መከላከል አለበት። አንዳንዱ እሾህ አበጀ፤ ብዙው ግን በቅጠሉ፣ በሥሩና በፍሬው ውስጥ የሚመርር፣ የሚያቃጥል ወይም የሚገድል ንጥረ ነገር መሥራት ያዘ። አስቦና መክሮ ያደረገው አይደለም። ትንሽ የመረረው ከብቱ ሲተወው ዘሩን አፈራ፣ ያልመረረው ተበላና ዘር ሳያስቀር ቀረ፤ ይህ በሺህና በሚሊዮን ዓመታት ሲደጋገም መራራው በረከተ።

ለዚህ በየአጥሩ ሥር ያለው እንዶድ ምስክር ነው። እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት አረፋ ለተክሉ መከላከያው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ የተነሣው ምርምር እርሳቸውንና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷል።

የተከበራችሁ አባላት፣

ተክሉ ይህን ንጥረ ነገር የሚሠራበት መመሪያ በዘሩ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። መመሪያው ዘረመል ወይም ጂን ይባላል። ብዙ ዘረመሎች ኢንዛይም የሚባል ጥቃቅን ሠራተኛ እንዲሠራ ያዛሉ፤ ኢንዛይሙ ደግሞ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ይለውጣል። ታዲያ አዲስ መርዝ ለመሥራት አዲስ ዘረመል ከምንም አይፈጠርም። መንገዱ ሌላ ነው። ተክል ዘሩን ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ይሳሳትና አንዱን መመሪያ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። በአንድ ቤት ሁለት ማጭድ ቢኖር አንደኛው እህል ማጨዱን ሳያቋርጥ፣ ሁለተኛውን ባለቤቱ እያጎበጠና እየሞረደ ለሌላ ሥራ ሊያውለው ይችላል። አንድ ማጭድ ብቻ ቢኖር ግን ይህን አይደፍርም፤ አዝመራው ማሳ ላይ ይቀርበታልና። በተክልም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ለሕይወት የሚያስፈልገውን የዘወትር ሥራ ይሠራል፤ ትርፉ ቅጂ በትንሽ በትንሹ እየተለወጠ አንድ ቀን አዲስ ነገር መሥራት ይጀምራል። ያ አዲስ ነገር ትልን ካባረረ ይቆያል፣ ካልጠቀመ ይጠፋል።

ቡናን እንመልከት። በጠዋት የሚያነቃው ካፌይን ለሰው ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቡናው ቅጠሉንና ፍሬውን ከነፍሳት የሚጠብቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቡና ዘረመል በሙሉ ተነብቦ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ካፌይን የሚሠሩት ዘረመሎች እንዲህ ባለው መገልበጥ ተደርድረው የበዙ መሆናቸው ታየ። ይበልጥ የሚገርመው ሻይና ካካዋም ካፌይን ያላቸው ቢሆንም ከቡና የወረሱት አለመሆኑ ነው። የየራሳቸውን ዘረመል ለውጠው ለብቻቸው ደረሱበት። ሦስት ጎረቤቶች ሳይማከሩ አንድ ዓይነት አጥር እንዳጠሩ ማለት ነው።

በቆሎም እንዲሁ። ገና ቡቃያ ሳለ ከአገዳ ቆርቁር ትልና ከክሽክሽ የሚከላከልበት ንጥረ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ዘረመል ትሪፕቶፋን የሚባለውን የፕሮቲን አካል ከሚሠራ ዘረመል የተገለበጠ ነው። ተከታዮቹም ዘረመሎች አጠገቡ ተኮልኩለው ይገኛሉ። ስንዴም ይህንኑ ዓይነት መከላከያ ይሠራል። ገብስ ግን ይህን መንገድ ትቶ ግራሚን የሚባል ሌላ መራራ ንጥረ ነገር ያዘጋጃል፤ የዚህም ሁለት ዘረመሎች እ.ኤ.አ. በ2024 ታውቀዋል። ባቄላ ደግሞ በደማቸው አንድ ኢንዛይም የሚያንሳቸውን ሰዎች የሚያሳምም ቪሲን የተባለ ነገር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተገኘው የቪሲን ዘረመል ተክሉ ቫይታሚን ቢ2ን ከሚሠራበት ዘረመል ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም ዘንድ ነገሩ አንድ ነው፤ መከላከያው የተሠራው ቤት ውስጥ ከነበረ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ማሽላ። ማሽላ ከዚሁ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የወጣ ሰብል ሲሆን ሁለት ዓይነት መከላከያ አለው። አንደኛው ዱሪን ይባላል። ወጣት የማሽላ ቅጠል ዱሪንን በአንድ ክፍል፣ ዱሪንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል። ክብሪትና ጋዝ በተለያየ መደርደሪያ እንደማስቀመጥ ነው። ላም ቅጠሉን ስታኝከው ሁለቱ ይገናኙና ሳያናይድ የተባለው ብርቱ መርዝ ይለቀቃል። በድርቅ ቆሞ ከቆየ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ የበላ ከብት ድንገት የሚሞተው ለዚህ ነው። ሟርት ወይም ዓይን የሚሉት አሉ፤ ምክንያቱ ግን ቅጠሉ ውስጥ ነው። ያደገና ደርቆ የተከመረ አገዳ ይህ አደጋ በእጅጉ ያንሰዋል። ዱሪንን የሚሠሩት ሦስቱ ዋና ዘረመሎችም እንደ በቆሎው በአንድ ሠፈር ተሰባስበው ይገኛሉ። አብረው መሆናቸው ይጠቅማል፤ አንዱ ጎድሎ ሥራው መሐል ላይ ቢቆም ያልተጠናቀቀው ንጥረ ነገር ተክሉን ራሱን ሊጎዳው ይችላልና፣ ሦስቱ ሳይነጣጠሉ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ።

ሁለተኛው የማሽላ መከላከያ ታኒን ነው፤ ዘንጋዳን መራራ የሚያደርገው። ነጩ ማሽላ ለእንጀራ ይወደዳል፣ ዘንጋዳ ግን ለጠላና ለአረቄ ነው ተብሎ በገበያ ዋጋው ዝቅ ይላል። ይሁንና የግሪሳ ወፍ መንጋ ቆላው ላይ ሲወርድ ነጩን ጠርጎ ዘንጋዳውን ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአፍሪካ ግሪሳ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ገበሬዎች መራራውን ማሽላ ጠብቀው እንዳቆዩት፣ ወፉ በማይበዛበት ደግሞ እንደተውት አሳይቷል። አባቶች ዘንጋዳን በማሳ ዳር መዝራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በየዓመቱ ነጭ ማሽላ ብቻ የሚገዛ ማኅበር፣ ገበሬው የወፍ መከላከያውን ከጎተራው እንዲያወጣ ሳያውቀው እየመከረው ነው።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ከሁሉም ይልቅ ብዙ መናገር የሚያስፈልገው ስለ ጓያ ነው። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ በምሕጻረ ቃል ኦዳፕ ይባላል። በነርቭ ውስጥ መልእክት ከሚያመላልሰው ግሉታሜት ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ስለሚመሳሰል ነርቭን ያታልለዋል። ነርቩ ያለ ዕረፍት ይቀሰቀሳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። በተለይ እግርን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ይጎዳሉ፤ ጉልበት ይተሳሰራል፣ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ መራመድ ይጀምራል፣ ከዚያ በምርኩዝ፣ ሲብስም በመዳህ። አንዴ ከደረሰ መድኃኒት የለውም። አእምሮው ግን ንጹሕ ነው። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ገና በጉልበታቸው የሚያርሱ ወጣት ወንዶች መሆናቸው ጉዳቱን ለቤተሰብ ያከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በጎንደር ደምቢያና ፎገራ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ ሆኖ ታይቶ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በኋላ በሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ቤት ለቤት ዞረው ሁኔታውን አጥንተዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅን ተከትሎ ከበሽሎ ማዶ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው ተጎድቷል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ይህን ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ።

በገጠሩ ዘንድ ሽባነቱ የሚመጣው ከጓያ እንፋሎት ነው ወይም በጓያ ገለባ ላይ በመራመድና በመተኛት ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ። በዚህም ምክንያት ሰዎች ጓያ ከሚቀቀልበት ቤት ይሸሻሉ፣ ንፍሮውን ግን ይበላሉ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ጓያ ከምግቡ ሲሦ በላይ ሆኖ ለሁለት ሦስት ወራትና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ነው።

ታዲያ ጓያ ይህን መርዝ እንዴት መሥራት ጀመረ? እዚህም ላይ የማጭዱ ነገር ይመለሳል። ሥራው የሚጀምረው ሲስቲን የተባለውን ድኝ ያዘለ የፕሮቲን አካል ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ወገን በሆነ ሠራተኛ ነው። ይህ ወገን በማንኛውም ተክል ውስጥ አለ። የመጨረሻው እርከን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ አገር የጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎችና አፍሪካውያን ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ሥራ ተብራርቷል። ሁለት ኢንዛይሞች ተያይዘው ይሠራሉ። የመጀመሪያው ኦክሳሌት የተባለውን አሲድ የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ በሌሎች ተክሎች ዘንድ ሥራው ይህን አሲድ ሰብሮ ማስወገድ ነው። ሁለተኛው የተዘጋጀውን ኦክሳሌት ተቀብሎ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሲያጋጥመው ኦዳፕ ይወለዳል። ማለትም ጓያ የቤት ጽዳት ሠራተኛውን መርዝ አዘጋጅ አደረገው።

ይህን ማወቅ ለገበሬ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። የሚረባው እንዲህ ነው። መርዙን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ከተክሉ የዘወትር ሥራ ጋር የተዛመዱ በመሆናቸው ጓያን ከመርዙ በቀላሉ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። በምርጫና በማዳቀል መርዙ የቀነሰ ጓያ ተገኝቷል፤ ፈጽሞ የሌለው ግን በገበሬ እጅ አልገባም። ደግሞም መርዙ በዘር ብቻ አይወሰንም። ያው አንድ ዘር አፈሩ ዚንክ ሲያንሰው፣ ዝናቡም ሲጎድል ብዙ ኦዳፕ ይሠራል። ነገሩ መራራ ነው፤ ሰው በጓያ ላይ ብቻ በሚንጠለጠልበት በድርቁ ዓመት፣ ጓያውም የዚያን ጊዜ ይብሳል።

መከልከል መፍትሔ ይሆናል ብለው የሞከሩ አሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን በአብዛኞቹ ግዛቶቿ ከለከለች። ገበሬው ግን ጓያውን አልተወም፤ ዋልካ ላይ፣ ያለ ማዳበሪያና ያለ ብዙ እርሻ የሚበቅል፣ ከብቱም ገለባውን የሚበላለት፣ ለቀጣዩ ጤፍ መሬቱን የሚያለማለት ሌላ ሰብል ማን ሰጠውና! በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ዋልካ ያለውም ገበሬ የሚለው ይህንኑ ነው።

የተሻለው መንገድ ዘሩን ማሻሻልና አበላሉን ማስተካከል ነው። ስለ ዘሩ ሲነገር፣ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢ ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) በተገኘ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዋሴ» የተባለ መርዙ ዝቅተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ ለገበሬ አውጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጓያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ንብ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የወንዴ ዘር ትወስዳለች። የተሻሻለውን ዘር በነባሩ ማሳ አጠገብ የዘራ ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎተራው ውስጥ ያለው ዘር የቱ እንደሆነ አያውቅም። ዓይን አይለየውም፣ ምላስም አይለየውም፤ ኦዳፕ ጣዕሙ አይታወቅም። ከግብጦ ጋር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግብጦ መራራነቱ ራሱ ስለሚያስጠነቅቅ ጎጃሞች ለቀናት በወራጅ ውኃ ዘፍዝፈው፣ መረሩን አስወጥተው ይበሉታል። ጓያ ግን ዝም ብሎ ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መከላከያ የተነሣለት ተክል ጠባቂ ይፈልጋል የሚለው ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ መራራነት የሌለው ግብጦ ተመርጦ ሲወጣ ክሽክሽና ጥንቸል ከመራራው ይልቅ እርሱን መረጡ። ስለዚህ አዲስ ጣፋጭ ወይም መርዙ የቀነሰ ዝርያ የሚያከፋፍል ዩኒየን የተባይ አሰሳውን አብሮ ማሰብ ይኖርበታል። ነባሩ ዘርም ተጠራርጎ መጥፋት የለበትም። በአዲስ አበባ ያለው የብዝሃ ሕይወት ተቋም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱን ዘር ሲሰበስብና ሲያቆይ ኖሯል፤ የማሳ ላይ ጥበቃው ግን አሁንም በገበሬው እጅ ነው።

አበላሉን በተመለከተ በዚያው በወሎ የተደረጉት ጥናቶች ግልጽ ነገር ተናግረዋል። አደጋው የሚከፋው ጓያ በንፍሮ፣ በቆሎና ገና ሳይደርስ በእሸቱ ሲበላ ነው። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራ የሽሮ ወጥ፣ እንዲሁም ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ተደባልቆ የተዘጋጀው አደጋው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እህሉ ጓያ የሚያንሰውን ድኝ ያዘለ የፕሮቲን አካል ያሟላለታል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ብዙውን መርዝ ያስወግዳል፤ ሆኖም ውኃ ለመቅዳት ሩቅ የምትሄድን እናት ሁለት ጊዜ ቀድታ ትድፋው ማለት ለመናገር እንጂ ለመሥራት ቀላል አይደለም። ስለዚህ እህል መደባለቁ ላይ ማተኮር ይሻላል። በእሸት ጊዜ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከማሳው እየቀጠፉ ጥሬውን እንዳይበሉ ማስጠንቀቅም ገንዘብ አይጠይቅም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ የሚመለከት ነው። በድርቅ ጊዜ ጓያ ለሚበላው ቤተሰብ እህል ቶሎ ቢደርሰው፣ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ከሽባነት ሊያድን ይችላል። ሙሉ ቀለብ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም። ጓያ በሚዘሩ ቀበሌዎች ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት በደህናው ዓመት ከሚሰበስቡት ስንዴና ገብስ የተወሰነውን በመጋዘናቸው ቢያስቀሩ፣ ዝናቡ ሲጠፋ የወረዳው ጥያቄ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። የተሻሻለው የጓያ ዘርም ሲመጣ በኩታ ገጠም ማሳ ለብቻው ይዘራ፣ ከነባሩ ማሳ ይራቅ፣ ከረጢቱም ላይ የመጣበት ምንጭና ዓመት ይጻፍበት፤ ከጥቂት ምርት ዘመን በኋላም ዘሩ ከምርምር ማዕከሉ እንደገና ይታደስ።